አሰብ የምትሄደው ዳክዬ

(ጉለሌ፣ የአቶ ይገዙ ግቢ። ባልና ሚስት ዳክዬዋ የምትጠጣበትን ሳፋ ከበው ቆመዋል።)

ታየች፦ ላብ ነው አልኩህ።

ይገዙ፦ ዳክዬ አያልባትም፣ ታየች። ከአፍንጫዋ የሚንጠባጠበው ጨው ነው።

ታየች፦ ላብ ካልሆነ ውሃ ነዋ፤ ምንቃሯን ሳፋው ውስጥ ነክራ ስታወጣ ሌላ ምን ይንጠባጠብ?

ይገዙ፦ አላነበብሽማ። የባሕር ወፎች ከዓይናቸው በላይ እጢ አላቸው። የጠጡትን ጨው ከደማቸው እየለየ በአፍንጫቸው ያስወጣዋል። የወንዝ ዳክዬ እጢዋ ትንሽ ነው፤ ጨው ቀስ በቀስ ስትለምድ ያድግላታል። የፈጣሪ ጥበብ ነው።

ታየች፦ ስሙ ይመስገን። ታዲያ እሱ ካሰበበት አንተን ምን አስጨነቀህ?

ይገዙ፦ ልጅሽ ሙሉ ለሥራ አሰብ ተመድባ ዳክዬዬን በቅዳሜው የጭነት መኪና ላኩልኝ አላለችም? የእንጦጦን ውሃ ጠጥታ ያደገች፣ በአንድ ጊዜ ባሕር ብታገኝ ትሞታለች። ሙሉ ከጫጩትነቷ ጀምራ ያሳደገቻት ናት፤ ምን ብዬ እጽፍላታለሁ? ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ጨው ስጨምርላት የከረምኩት።

ታየች፦ ለምዳለች ትላለህ?

ይገዙ፦ ከአፍንጫዋ የወረደውን ቀምሼ አረጋግጫለሁ። ጨው ጨው ይላል።

ታየች፦ በየትኛው ጣትህ?

ይገዙ፦ (ቀኝ እጁን እያሳየ) በዚህ።

ታየች፦ ጨዉን የበተንክበት እጅ ነው።

ይገዙ፦ (ጣቱን ይልሳል) እ... ማለቴ፣ ምርምር ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ያጋጥማል። ቢሆንም ያን ሁሉ ጨው ጠጥታ አልሞተችም። ይኼስ ማስረጃ አይደለም?

ታየች፦ አልጠጣችውም።

ይገዙ፦ እንዴት አልጠጣችውም?

ታየች፦ አንተ ወደ ሥራ ስትወጣ ውሃውን ድስት ውስጥ ገልብጬ ለእሷ ከቧንቧ እቀዳላታለሁ። ከቀበሌ ሱቅ ለወር የተሰጠንን ጨው ለዳክዬ በትነህ ስትሄድ ወጡን በምን ላጣፍጠው?

ይገዙ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የምትገለብጪው እሷ ሳትነካው ነው?

ታየች፦ ብዙ ጊዜ።

ይገዙ፦ እሺ፣ አሰብ ስትደርስ ምን ልትሆን ነው?

ታየች፦ መሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል ለሙሉ ጽፌላት ነበር። በርሜል ሙሉ የቧንቧ ውሃ አዘጋጅታላታለች። እዚያም ቢሆን ባሕር የሚጠጣ የለም አለችኝ።

ይገዙ፦ (አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ) ተመስገን፣ ዳክዬዋ ተረፈች። እንግዲህ ሦስት ሳምንት ጨው የለመድኩት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩን ለእኔም ቦታ ጠይቂልኝ።