ተዘቅዝቆ የተሰቀለው ፊደል

ይህ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት ዕድሜዬን ይንሳኝ። ዘጠና ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው በዕድሜው ሲምል ርካሽ መሐላ ነው አትበሉኝ። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው እህሉን በእፍኝ አይቆጥርም፤ እኔ ግን እየቆጠርኩ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ትናንት የልጅ ልጄ ቤት ሄድኩ። አምስት ዓመት የሞላት ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ወረቀት ይዛ መጥታለች። ወላጆች ልጆቻችሁን በቤት ውስጥ በንባብ፣ በጽሑፍና በሒሳብ አግዟቸው ይላል። እሰየው። አባትየው ወረቀቱን አነበበ፣ ልጅቱን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠ፣ ከዚያ ማገዙን ጀመረ። ማገዝ ማለት መጮኽ ነው ለካ። ትናንት ነግሬሽ የለም ወይ ይላታል። ይቺን ማወቅ አቅቶሽ ነው ወይ ይላታል። ልጅቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። የእኔም ጆሮ፣ ሰማንያ ዓመት ያረፈው ጆሮዬ፣ እንደ አዲስ ጋለ። ምርኩዜን አንስቼ ወጣሁ። ብቆይ እመታው ነበር።

ለምን በሉኝ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቤታችን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። ካዛንቺስ ዛሬ ካዛንቺስ የተባለው ያኔ ነው፤ ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት ሲያሠራ። አባቴ እዚያ ባሬላ ተሸካሚ ነበር። ባሬላ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ድንጋይ የሚሸከምበት ሳንቃ ነው። አባቴ ብቻውን ይሸከመው ነበር። ፊትና ኋላውን እንዴት አድርጎ ይይዘዋል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ምያለሁ እኮ።

የሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ ጣሊያን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሰድበው ይውላል። አባቴ አይመልስም። በምን ቋንቋ ይመልስ? ስድቡን ሰብስቦ ወደ ቤት ይዞት ይመጣል። ቤት ማን አለ? እኔ።

የሰፈሩን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት የኔታ ጣሊያን በገባ ሰሞን ወደ አገራቸው ሄደው ነበር። ሲሄዱ በበግ ቆዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የፊደል ገበታ ለአባቴ ትተውለት ሄዱ። ገበታውም ሣጥን ውስጥ ገባና ተረሳ።

ኋላ ለጥምቀት የእናቴ ታላቅ ወንድም ከቡልጋ መጣ። መሪጌታ ነው። ሲመጣ ማር ይዞ ይመጣል፣ ሲሄድ ሰው አስቀይሞ ይሄዳል። አምስት ዓመቴ ነው፤ ፊደል እንዳልጀመርኩ ሲሰማ ማሩን ያመጣበትን ቅል አስቀመጠና ፈረደ። ለፍልሰታ እመለሳለሁ አለ። ያን ጊዜ ፊደሉን ለይቶ ካልጠበቀኝ ይዤው ቡልጋ እገባለሁ፣ ከቆሎ ተማሪ ጋር ይማራል። እዚህ ከተተወ ነገ የፈረንጅ ባሬላ ነው የሚሸከመው። ይህን ሲል አባቴን ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

የቆሎ ተማሪ ማለት እየለመነ የሚማር፣ ውሻ የሚነክሰው፣ እናቱን በዓመት አንዴ ካየ ዕድለኛ የሚባል ልጅ ነው። እኔ ከእናቴ ጉያ ወጥቼ አላውቅም። እሷም ከእኔ በፊት ሦስት ወልዳ አላደጉላትም። የቀረኋት እኔ ነኝ።

አባቴ፣ እኔው አስቆጥረዋለሁ አለ።

አባቴ ፊደል አያውቅም። ዜማውን ግን ያውቀዋል። በወጣትነቱ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እንጨት ሲፈልጥ የተማሪዎቹን ድምፅ እየሰማ በቃሉ ይዞታል። ከሀ ተነሥቶ አንድም ሳይስት ፖ ላይ ይደርሳል። ሣጥን ከፈተ፣ ገበታውን አወጣ። ማንጠልጠያው ተበጥሷል። አገላብጦ አየውና በአንደኛው ጫፍ በወስፌ በስቶ፣ ጠፍር አስገብቶ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ከበሩ አጠገብ ሰቀለው።

ዘቅዝቆ ሰቀለው። ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ። ሀ በምትጀምርበት ቦታ ፖ በጭንቅላቷ ቆማለች።

እናቴ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ቀና ብላ ገበታውን አየች። ወዲያው በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ምን ሆንሽ ሲላት ጭሱ ነው አለችው። በቤቱ ውስጥ እሳት አልነበረም።

በቃ፣ ትምህርት ተጀመረ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጀንበር ሳትጠልቅ አንድ ሰዓት እንማራለን። ፊደል መጠቆሚያ ስንደዶውን ተዘቅዝቃ ከቆመችው ፖ ላይ ያሳርፍና "ሀ" ይላል። "ሀ" እላለሁ። ስሳሳት ጆሮዬን ይይዛል። እጁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲይዝ የዋለ እጅ ነው፤ ልስላሴ የሚባል ነገር ረስቷል። ጆሮዬ በአንድ ወር ውስጥ ስንዝር ሙሉ አደገ። የቂርቆስ ልጆች ጥንቸል ይሉኝ ጀመር። ነፋስ ሲነሣ እናቴ እንዳይወስደኝ ትይዘኝ ነበር።

ጽሕፈትም ነበረ። አባቴ ባዶ የስሚንቶ ከረጢት ያመጣልኛል፤ ወረቀቱን ዘርግቼ በከሰል እጽፋለሁ። የጻፍኩት ሁሉ በጭንቅላቱ የቆመ ነው። አባቴ ገበታውን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ቁርጥ እሱን ይላል። ያን ቀን ጆሮዬ ያርፋል።

በሒሳቡ ግን አላማውም፤ እሱን ያውቅ ነበር። ጠጠር ደርድሮ ያስቆጥረኛል። አንድ ቀን፣ ሰባት ሰው ድንጋይ ሲሸከም ሁለቱ ቢደክማቸው ስንት ይቀራል አለኝ። አምስት አልኩ። የለም፣ ሰባት ነው አለኝ፤ ካቦው ደከመኝ ያለውን አያስቀምጥም። ይኸውላችሁ፣ በየትኛው መዋዕለ ሕፃናት ነው እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚገኘው?

ሰባት ወር እንዲህ ሆነን ፍልሰታ ገባ። መሪጌታ በዝናቡ በስብሶ፣ ማሩን ይዞ፣ ደረሰ። መደቡ ላይ ተቀመጠና እስቲ አስማኝ አለ።

አስማሁት። ስንደዶዬን ይዤ በዚያ በጣፈጠ ዜማ ከሀ እስከ ፖ ወረድኩ። አባቴ ደረቱን ነፍቷል። የመሪጌታ ጺም ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ማን ነው ያስቆጠረህ?"

"አባቴ።"

"አባትህ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው የተማረው? ገበታው ተዘቅዝቋል።"

"እንዴት ይዘቀዘቃል፣ መሪጌታ?" አለ አባቴ። "በሀ ጀመረ፣ በፖ ጨረሰ። ምን ጎደለ?"

መሪጌታ ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣ፣ ገለጠ፣ አንዲቷን ፊደል በስንደዶው ነካና ይቺ ማን ናት አለኝ። አየኋት። እንግዳ ናት። ቤታችን ካሉት ፊደሎች አንዷንም አትመስልም። እኔ ግን ብልህ ልጅ ነበርኩ፤ የምትታወቅበትን ዘዴ አገኘሁ። ዳዊቱን በሁለት እጄ ያዝኩና ዘቀዘቅሁት። አሁን አወቅኋት።

"ፖ" አልኩ ደስ ብሎኝ።

ሀ ነበረች።

መሪጌታ ዳዊቱን ከእጄ ነጠቀኝ። ደጋግሞ አማተበ። ጠዋት እንሄዳለን አለ፤ ለብርድ የሚሆነው ነገር አዘጋጁለት። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን ያያል። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ልጄ የትም አይሄድም። እኔ አስተምረዋለሁ።"

"አንቺ? በምንሽ?"

"ዳዊቱን ይስጡኝ። ገጹን እርስዎ ይግለጡት።"

እየሳቀ ገለጠላት። አነበበች። ጣቷን እንኳ አላስከተለችም። ሳቁን ተወና ሌላ ቦታ ገለጠ። አነበበች። ሦስተኛ ሊገልጥ ሲል ያዘችው።

"ይተዉት፣ ጋሼ። አባባ እርስዎን ሲያስቆጥሩ ከጀርባ ጥጥ የምትባዝተው ማን ነበረች? ሲጠፋብዎት በሹክሹክታ ስነግርዎት አልነበረም ወይ?"

መሪጌታ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተተ። ማኅደሩን ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በማግስቱ ቡልጋ ገባ፤ ብቻውን።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እስኪመሽ ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ ጋደም ብዬ ሳስበው ንዴቱ መጣ፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልሄደም። ታውቅ ነበር! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ጆሮዬ እንደ ጠፍር ሲሳብ፣ ፖን ሀ እያልኩ ሳድግ፣ የቆሎ ተማሪ ልሆን አንድ ሌሊት እስኪቀረኝ፣ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እናት ናት ይህቺ?

ገበታውን አቀናችው፤ ያስተማረችንም እሷ ናት። አስተማረችን ያልኩት አባቴም አጠገቤ ተቀምጦ ስለጀመረ ነው። እሱ ባዶ ስለነበር ቶሎ ያዘ። እኔ ግን መጀመሪያ የተዘቀዘቀውን ማፍረስ ነበረብኝ፤ ለመሥራት ሰባት ወር የፈጀውን ለማፍረስ ዓመት ፈጀብኝ። አባቴ ቀደመኝ። ሲቀድመኝ ምን አደረገ መሰላችሁ? ያቺው እጅ ወደ ጆሮዬ ተመለሰች። ድሮ ሳያውቅ ይቆነጥጠኝ ነበር፤ አሁን አውቆ ይቆነጥጠኝ ጀመር። ልዩነቱን ጆሮዬ አላገኘውም።

ካደግሁ በኋላ፣ ሚስት አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኋት። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። እንዝርቷን አቆመች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጄ፣ አባትህ ቀኑን ሙሉ በባዕድ ሲታዘዝና ሲሰደብ የሚውል ሰው ነበር አለችኝ። ያቺን ስንደዶ ሲይዝ ወገቡ ይቃና ነበር፤ በቀን አንዲት ሰዓት አለቃ ቢሆንስ ብዬ ነው፣ ያቺን እንዴት አድርጌ ልቀማው አለችኝ።

ይህን ሳወራ የማያለቅስ የለም። ትናንት ማታ ለዚያ ለጯሂው የልጅ ልጄ በስልክ ነገርኩት፤ እሱም አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። ልጅቱን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ አለኝ። ጎሽ።

እንግዲህ ዕድሜዬን አስይዤ ነው የማወራላችሁ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬያለሁ። እናቴ እንደዚያ አላለችም። እንባም የለ። እንዝርቷን ሳታቆም፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማን ጠየቀኝ?"