ከባድ ነገር አታንሳ

ከመጠን በላይ የሚያዝንላችሁ አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጂንካ ውስጥ አንድ አለኝ።

በወገብ ሕመም ስድስት ወር ተኝቼ ወደ ቢሮ ስመለስ የሐኪም ወረቀት ይዤ ነበር። «ከባድ ነገር እንዳያነሳ» ይላል። አለቃዬ ሁለቴ አነበበውና ፊቱ በራ። በመዳኔ የተደሰተ መስሎኝ፣ የዋህ ነኝና፣ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ሲወድቅብኝ እንኳ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳልኝ እሱ ሆነ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «የቢሮው መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ለፊልድ ተብሎ ዲመካ ገበያ ይሄድና ፍየል ጭኖ ይመለሳል። እኔ ወገቤ የተጎዳው መኪና አጥቼ በአይሱዙ ለሥራ ሃና ከተማ ስመላለስ ነው። ለምንድን ነው...»

«ተው ወንድሜ» አለኝ በርኅራኄ። «ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ ብሎሃል።»

ቃለ ጉባኤው ላይም «በጤና ምክንያት ሳይነሳ ታለፈ» ተብሎ ተጻፈ። የሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ሰኞም ጥያቄዬን ስጀምር ያንኑ መለሰልኝ። ይሄኔ መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ አስካለ ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ።

«የእኔ ወገብ ደህና ነው» አሉ። «እኔ ላንሳለት?»

ሹፌሩም ከኋላ ብድግ አለ። «እኔም አግዛቸዋለሁ። ፍየሎቹንም የማነሳው እኔው ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን ወገቡን ይዞ ተቀመጠ።

እኔም አንጀት አለኝ፤ አዘንኩለት። በማግስቱ በቢሮው መኪና ጋቢና ተቀምጬ ወደ ሃና ከመሄዴ በፊት የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።