የነጋድራሱ እምቢታ በዜማ

ሰው አንድን ቲያትር ለምን ደጋግሞ እንደሚያይ አይገባኝም። አይገባኝም እንጂ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ? ሚዛን ተፈሪ ላይ እሑድ ከሰዓት ወይ ኳስ ታያለህ፣ ወይ ዝናብ ታያለህ፣ ወይ ደግሞ አዳራሽ ገብተህ ነጋድራሱ ልጁን ሲከለክል ታያለህ። ሙሉ፣ ሚስቴ፣ ኳስ አትወድም። ዝናቡንም ጠግበነዋል።

ቲያትሩ ከአንድ ዝነኛ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ተማሪ ሳለን ሁላችንም ያነበብነው መጽሐፍ ነው። ማለቴ፣ ያነበበ ጓደኛችን የነገረን። አንድ ሀብታም ነጋድራስ አለ። አንዲት ልጅ አለችው። ልጅቷ የአባቷን በቅሎዎች የሚጭን ጎረምሳ ወደደች። ሽማግሌ ተላከ። ነጋድራሱ እምቢ አለ። ልጅቷ በሐዘን ታማ ሞተች። በቃ! ደራሲው ይህችን ለመናገር ወፍራም መጽሐፍ ፈጀ። የአማርኛ አስተማሪው መምህር ይልማ ደግሞ ዘፈን ጨመረበትና ጭራሽ አስረዘመው።

ዘፈን ስል ግን ትልቅ ኦርኬስትራ እንዳይመስልህ። አንድ ከበሮ፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ኦርጋን ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ዘፋኞቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። እኛ ግጥሙን በቃላችን ስለምናውቀው ምንም አይቀርብንም።

ቲያትሩ ከተጀመረ ስንት ዓመቱ እንደሆነ መምህር ይልማም እርግጠኛ አይደለም። የቡና ለቀማ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ቡናው ሲሸጥ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ አፍቃሪው ቀጭን ነበር። አሁን ቦርጭ አውጥቷል፤ «ረሃብሽ ገደለኝ» ብሎ ሲዘፍን ሰው ይስቃል። በፍቅር የምትሞተዋ ወርቅነሽም በመሃል አግብታ ወልዳለች። ጡት እያጠባች የሞተችበት ጊዜ ሁሉ ነበር። ሚናዋን በትክክል የምታውቅ አንዲት በቅሎ ብቻ ናት። የእምቢታው ዘፈን ሲጀመር ማንም ሳይነግራት ቀስ ብላ ከመድረክ ትወርዳለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የነጋድራሱን ካባ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ጎኑን እየፈታሁ ያሰፋሁለትም እኔው ነኝ። ምክንያቱም ነጋድራሱን የሚጫወተው ጋሽ ታደሰ ከካባው በላይ እያደገ አስቸገረኝ። ጋሽ ታደሰ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው። ድምፁ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሲያስነጥስ አውቶቡስ ተራ ይሰማል ይባልለታል። «አልሰጥም!» ብሎ ሲዘፍንማ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጊዜ አዳራሹን ብታየው! ሴቱ በነጠላው ጫፍ፣ ወንዱ በክንዱ እንባውን ይጠርጋል። ይህን ጨካኝ አባት ይረግሙታል። «ምን አለበት ቢሰጣት!» ይላሉ። ከዚያ ወጥተው፣ ጭቃውን ተሻግረው፣ ቤታቸው ገብተው የልጃቸውን ስልክ ይነጥቃሉ። ማን ነው የደወለልሽ? የት አወቅሽው? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ሳይ እስቃለሁ። ለሙሉም ሁሌ እነግራታለሁ። ሕዝባችን የሚያለቅሰው ለማያውቃት ልጅ ብቻ ነው እላታለሁ። እሷ ዝም በል፣ ዘፈኑን ልስማበት ትለኛለች።

እንግዲህ ጋሽ ታደሰ የምር ልጅ አለችው። ሶስና ትባላለች፣ አስተማሪ ናት። ቴፒ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ዳንኤል የሚባል ልጅ ወደደች። ዳንኤል እዚሁ አጠገባችን ካለው ከሸዋ ቤንች ወረዳ የመጣ የቤንች ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው አክባሪ። ግን ጋሽ ታደሰ አጥንቱን አላውቀውም አለ። የሰው አጥንት የሚያውቀው ሐኪም ነው ብዬ ቀልጄበት ሳምንት ሙሉ ኮርፎኛል። ጋሽ ታደሰ አያቶቼ ከሰሜን ናቸው ይላል። እሱ ራሱ እዚሁ ሚዛን ተወልዶ ሰሜንን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ሲቆጣ የሚሳደበው ደግሞ በቤንችኛ ነው።

ሶስና ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም። ያለ አባቴ ምርቃት አልሄድም፣ ሌላም አላገባም አለች። ዳንኤል በወሩ መጨረሻ ሥራው ወደ ማጂ ሊያዛውረው ነው። ማጂ ማለት ደግሞ ሄዶ መምጣት ቀላል አይደለም። ወይ ተጋብተው አብረው ይሄዳሉ፣ ወይ እሱ ብቻውን ይሄድና ነገሩ ያከትማል። ልጅቷ ከሳች። አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ወገቧን ስለካ ሜትሩን ሁለቴ አነበብኩት።

የዳንኤል ሽማግሌዎች ደጋግመው መጥተዋል። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ዘዴ አለው። ከፊት ለፊት ሲያንኳኩ በጓሮ ይወጣል። ባለቤቱ እትዬ አስቴር ቲያትር ልምምድ ላይ ነው ትላቸዋለች። ሽማግሌ ፊት ለፊት ካገኘህ መከራህ ነው። ተቀመጡ ብትላቸው አይቀመጡም። እሺ እስክትል ቆመው ይጠብቁሃል። ሽበታም ሰው ደጅህ ላይ ቆሞ እንዴት ቡናህ ይወርዳል? ስለዚህ ብልህ አባት ቤቱ አይገኝም።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ጴጥሮስ የሚባሉ የሸዋ ቤንች ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ቲያትር አይተው አያውቁም። ሰውየው ቤቱ ካልተገኘ የሚገኝበት እንሄዳለን አሉና ያን እሑድ አዳራሽ መጡ። ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው የፊት ወንበር ያዙ። እኔ፣ ሙሉና ልጃችን ቤዛ ከኋላቸው ነበርን። እውነት ሰውየው የቲያትሩን ነገር አያውቁም ነበር? ወይስ ከሁላችንም በላይ ያውቁ ነበር? እስካሁን አልተገለጠልኝም።

የሽምግልናው ትዕይንት ደረሰ። የጥጥ ጢም የለጠፉ ሦስት ጎረምሶች መድረክ ላይ ቆሙ። ጋሽ ታደሰ ካባውን ወደኋላ ወርውሮ፣ «ማነው በደጄ የቆመው?» አለ።

«እኛ ነን» አሉ አቶ ጴጥሮስ፣ ከፊት ወንበር ተነሥተው።

ከዚያ በትራቸውን እየተመረኮዙ መድረኩ ላይ ወጡ። ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። ባለጥጥ ጢሞቹ ምን ያድርጉ? እውነተኛ ሽማግሌ ሲመጣ ቆሞ የሚቀር ልጅ አላሳደግንም። «ኖር!» ብለው ጢማቸውን በእጃቸው ይዘው ከመድረክ ወረዱ።

ጋሽ ታደሰ ላብ አጠመቀው። በጓሮ እንዳይወጣ መድረኩ ጓሮ የለውም። በመጨረሻ የሚያውቀውን ነገር አደረገ። ለኦርጋኑ ምልክት ሰጠና «አልሰጥም» ብሎ ዘፈነ። በቅሎዋ ዘፈኑን ስትሰማ እንደ ልማዷ ወረደች። አቶ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ድምፅዎን እግዚአብሔር ይባርከው» አሉ፤ «አሁን መልሱን ይንገሩን።»

ጋሽ ታደሰ ሁለተኛውን አንቀጽ ዘፈነ። እሳቸው ጠበቁ። ሦስተኛውን ቀጠለ። ሦስተኛ አንቀጽ እንዳለው እንኳን አናውቅም ነበር። እንዲህ እያለ ያድር ነበር፤ ግን መብራት ሄደ። በዚህ ከተማ መብራት ለሰው የጠቀመበትን ቀን ያየሁት ያኔ ነው። ኦርጋኑ ቀጥ አለ። ማሲንቆ ተጫዋቹም አብሮ አቆመ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ጋሽ ታደሰ ካባ ለብሶ ያለ ዘፈን ቆሟል።

«አቶ ታደሰ፣ ይህ ልጅ ሠርቶ አዳሪ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ፤ «ልጅዎን ያከብርልዎታል። እኛም እናከብርዎታለን። እግራችን ግን ደክሟል።»

ከኋላ አንድ ሰው «ስጥ!» አለ። ሌላው ተቀበለ። ከዚያ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ስጥ! ስጥ!» ይል ጀመር። እኔም ጮህኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነው የጮህኩት፣ ምን ላፍር። ሶስና በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ጋሽ ታደሰ በዓይኑ ፈልጎ አገኛት። ፊቷን ሲያይ ትከሻው ወረደ። ያ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፁ ጠፍቶ፣ ከፊት አካባቢ ያለነው ብቻ በሰማነው ድምፅ፣ «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አለ።

እልልታው አይነገርም። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ሙሉም አለቀሰች። ሶስና እየሮጠች ሄዳ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

እዚህ ላይ ያልቃል ብለህ ነበር አይደል? እኛን አታውቀንም ማለት ነው። ሰው እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ተቀመጠ። መምህር ይልማ ወጣና ነጋድራሱ ስለፈቀደ ቲያትሩ በደስታ ተፈጽሟል፣ እናመሰግናለን አለ። ጉርምርምታ ተነሣ። እንዴት ይፈጸማል? ሞቷን ሳናይ? ያ «ስጥ» እያለ ሲጮህ የነበረው ሁሉ ካልሞተች አንወጣም አለ። ወርቅነሽ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ እኔ በምን ልሙት ብላ ጠየቀች። ፍላጎቷ ተሟልቶላታል፣ በሐዘን አትሞትም። መምህር ይልማ ጥቂት አሰበና ወባ አላት። ተንቀጠቀጠችና ሞተች። ሕዝቡም አልቅሶ፣ ረክቶ ወጣ።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ አፌ አላረፈም። ጋሽ ታደሰን አማሁት። እንዴት ያለ ኋላ ቀር አባት ነው! ሕዝብ ፊት አሳፍረው ካልጠየቁት አይሰጥም እንዴ? ልጅ ከወደደች በቃ፣ አባት መመረቅ ነው ሥራው አልኩ። ሙሉ ጭቃውን እየመረጠች ትራመዳለች። ቤዛ ጃንጥላውን ይዛልኝ አጠገቤ ትሄዳለች።

«አባዬ» አለችኝ፤ «እንዲህ ካልክማ ልንገርህ። እኔም የምወደው ልጅ አለ።»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «የማን ልጅ ነው?» አልኳት።

ሙሉ ቆም ብላ አየችኝ። ቤዛ ምንም አልከፋትም። እንዲያውም ጃንጥላውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችልኝ።

«ለአቶ ጴጥሮስ ነግሬያቸዋለሁ» አለች፤ «ቅዳሜ ሲመጡ ትጠይቃቸዋለህ።»

እንግዲህ ቅዳሜ እየመጣ ነው። ቤቴ የጓሮ በር የለውም፣ እኔም ዘፈን አልችልም።