ለማስረጃ የተነቀለ አበባ

(በጋው እያለቀ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ሣሩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ሁለት ሰዎች ግን ከጠዋት ጀምሮ አጎንብሰው ይዞሩበታል። አንዱ የዕፅዋትና የአእዋፍ መጽሐፍ የያዙ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ተጠየቁም አልተጠየቁም የማይመልሱት ነገር የለም። ሌላው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዘመድ ሁሉ ቀርፋፋ ይለዋል፤ እሱም ተከራክሮ አያውቅም።

ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጣው ደብዳቤ ብርቅዬ ተክል ወይም እንስሳ ከተገኘበት ግንባታው ይቀራል ይላል። አይቶ የሚወስነው ባለሙያ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። የቧንቧ ሠራተኛው እናት ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፤ የቀረቻቸው ደስታ ይህን ሜዳ በመስኮት ማየት ናት። ልጃቸው ሜዳውን ለማትረፍ የሚባዝነው ለዚህ ነው።)

መምህሩ፦ ቢጫ አይደለም አልኩህ!

ቧንቧ ሠራተኛው፦ እሺ ጋሼ። ታዲያ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ወርቃማ! መጽሐፉ ወርቃማ ነው የሚለው። ገጽ አርባ ሁለት።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ አበባው ግን ቢጫ ነው።

መምህሩ፦ አበባው ምን ያውቃል! (ከነሥሩ ነቅለው ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉት ከረጢት ውስጥ ይከታሉ።)

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ምነው ነቀሉት?

መምህሩ፦ ናሙና ይባላል። በእጅ ያልተያዘ ነገር ወሬ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ባለፈው ቅዳሜም ስምንት ነቅለው ነበር።

መምህሩ፦ ዘጠኝ! ስትቆጥር እንኳ አትጠነቀቅም!

(ይህ አራተኛ ቅዳሜያቸው ነው። በመጡ ቁጥር ሜዳው ይሳሳል፣ ከረጢቱ ይወፍራል።)

ቧንቧ ሠራተኛው፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ አጥሩ ላይ ይዩ። ደረቷ ቀይ የሆነች ወፍ።

መምህሩ፦ (ቀና ሳይሉ መጽሐፉን እያገላበጡ) ቀይ ደረት... ቀይ ደረት... የለችም።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ አለች እንጂ! ጭራዋን እየነቀነቀች ነው።

መምህሩ፦ በዚህ ወር እዚህ አካባቢ አትገኝም ይላል።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ተገኝታለች እኮ።

መምህሩ፦ እንግዲያው መንገድ ጠፍቷት ነው። ጠፍታ የመጣች አትቆጠርም።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ለአንድ አፍታ መጽሐፉን ትተው ቢያዩአትስ?

መምህሩ፦ (መጽሐፉን ጧ አድርገው ይዘጋሉ። ወፏ ብር ብላ ትሄዳለች። ቀና ይላሉ።) ይኸው! አላልኩህም? የለችም።

(ቧንቧ ሠራተኛው አጎንብሶ ፍለጋውን ይቀጥላል። ከእሳቸው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም እንደሆነ ያውቃል። መምህሩ ድንጋይ ክምር አጠገብ ሲደርሱ ድንገት ይንበረከካሉ።)

መምህሩ፦ አትንቀሳቀስ! ሐምራዊ፣ እንደ ደወል ወደ ታች የተደፋ፣ ግንዱ ጠጉራም... ገጽ መቶ አሥራ ሁለት! «እጅግ ብርቅዬ፣ ሊጠፋ የተቃረበ» ይላል!

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ብርቅዬ? ይሄ?

መምህሩ፦ ሦስት ናቸው! በል እልል በል!

ቧንቧ ሠራተኛው፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ) ሜዳው ተረፈ ማለት ነው? እማዬ ቀሪ ዕድሜዋን የመኪና ጣሪያ ስታይ ልትኖር ነው ብዬ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር እኮ!

መምህሩ፦ ማልቀሱን ተወውና መጀመሪያ እናረጋግጥ። (አንዱን መዥረጥ አድርገው ይነቅላሉ።)

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ኧረ ጋሼ!

መምህሩ፦ ሥሩ ሳይታይ እንዴት ይታወቃል? ሥሩ ነጭ ነው ይላል። ነጭ ነው! ግሩም!

ቧንቧ ሠራተኛው፦ በቃ፣ ሁለቱ ይቆዩ።

መምህሩ፦ የሁለተኛው ጥቁር ቢሆንስ? በአንድ ምስክር ይፈረዳል እንዴ? (ይነቅላሉ።) እሱም ነጭ!

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ሦስተኛውን እንኳ ለሰውየው...

መምህሩ፦ ለሰውየው ነው እንጂ! የቢሮ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። (ሦስተኛውን ነቅለው መጽሐፉ መሃል ይጨፈልቁታል።) በክብር እጁ ላይ አኖርለታለሁ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ (ቀስ ብሎ) ጋሼ፣ እስቲ ደብዳቤውን አንዴ ያንብቡልኝ። እኔ አንብቤው በደንብ አልገባኝም።

መምህሩ፦ አንተ ምን ሲገባህ! (ከኪሳቸው አውጥተው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው) «ብርቅዬው ተክል በሜዳው ላይ ሥር ሰዶ፣ በቅሎ...» (ድምፃቸው ይሰልላል) «...በባለሙያው ዓይን ከታየ...»

(ሁለቱም ሦስቱን ባዶ ጉድጓዶች ያያሉ።)

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ሥር ሰዶ ነው የሚለው?

መምህሩ፦ መልሰን እንትከላቸው! ውሃ አምጣ! የቧንቧ ሰው አይደለህ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ የተጨፈለቀውንም?

መምህሩ፦ (መሬት ላይ ዘጭ ብለው) ወይኔ ጉዴ! እናትህን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ያቺን አንዲት ደስታቸውን በገዛ እጄ!

(የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው ወደ ሜዳው ይመጣል።)

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ይነሡ ጋሼ። ጉልበትዎን ያራግፉ።

መምህሩ፦ ተነሥቼ ምን ላሳየው? ጉድጓድ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ እነዚሁ አበቦች ሜዳው ዳር ካለው አሮጌ መጋዘን ጀርባ፣ ከእማዬ መስኮት ፊት ለፊትም አሉ። ግድግዳውን ይዘው እስከ ጥጉ ድረስ ናቸው፤ መቶ ሳያልፉ አይቀሩም። እማዬ «ደወሎቼ» ነው የምትላቸው፤ ብርቅ መሆናቸውን ግን ገና አሁን ከእርስዎ ሰማሁ።

መምህሩ፦ መቶ? ምድሩ ሁሉ ደርቆ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ከሥራቸው የሚያልፈው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ጠግን ተብዬ ሦስት ጊዜ ተልኬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ መፍቻዬን ቤት ረሳሁት።

መምህሩ፦ ሆን ብለህ? እኛ እኮ ልጁ አእምሮው ቀርፋፋ ነው እያልን...

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ስትሉ እሰማለሁ። ቀርፋፋ ሰው ረሳሁ ቢል ማንም አይጠረጥረውም።

መምህሩ፦ አራት ቅዳሜ ሙሉ ይዘኸኝ ስትዞር፣ ምናለ አንዴ እንኳ በመጋዘኑ ጀርባ ብትወስደኝ? ለምን አላሳየኸኝም?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ (ለሰውየው እጁን እያውለበለበ) ባሳይዎትማ፣ ጋሼ፣ እነሱንም አረጋግጠው ይጨርሷቸው ነበር።