ሐጂ የከፈሉበት ቴሌቪዥን

ሰው ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፍሎ ይረሳል። እኔ ከነዚህ ወገን ነኝ። ለማላነበው መጽሔት ከደሞዜ ተቆርጦብኝ ያውቃል። አንድም ቀን ኳስ ላልነካሁበት የመምህራን ቡድን ማሊያ ማሠሪያ አዋጥቻለሁ፤ ማሊያው በልኬ እንኳ አልተሠራም። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ግን ከከፈለ ይመጣል። ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ "እሺ፣ የታለ?" ይላል። እናንተ ከየትኛው ናችሁ? ለመመለስ አትቸኩሉ፤ እኔም ለዚህ ሁሉ የበቃሁት ለመመለስ ቸኩዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ ለመንግሥት ቴሌቪዥን በየወሩ ይክፈል፣ ክፍያውም ከመብራት ቢል ጋር ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ መጣ ተብሎ ሶዶ ከተማ በወሬ የተናጠች ሰሞን ነው። እኛ መምህራን ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ካገኘን የሻይ ሰዓት አይበቃንም። የፊዚክሱ መምህር ቴሌቪዥን የለኝም፣ ኳሱን የማየው በስልኬ ነው፣ ስልኬን ሊያስከፍሉት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የሥነ ዜጋዋ መምህርት መኪና የለኝም ብለህ አስፋልቱን ትጠላዋለህ ወይ፣ የሁላችን የሆነውን ጣቢያ ሁላችን ካልከፈልንበት የሳሙና ማስታወቂያ ሲያሳየን ሊያድር ነው አለች። ፊዚክስ መልሶ፣ አሁን ከሚታየው የሳሙናው ይሻላል፣ ሳሙና ቢያንስ ያጥባል አለ። ተሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ብድግ ብዬ፣ ሰው ላልጠየቀው ነገር በግድ ሊከፍል አይገባም ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው ሻዬ ፈሰሰ። የማስተምረው ሂሳብ ነው፤ ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

እኔና ባለቤቴ አማረች የምንኖረው አራዳ ሰፈር፣ ሐጂ ነስሩ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨውና ሳሙና በጅምላ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወላይትኛውን ያንበለብሉታል፤ ከገሱባ ገበያ የምትመለስ ባልቴት መንገድ ላይ ካገኙ "ሳሮ" ተባብለው እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይጠያየቃሉ። አሁን ሱቁን ዘግተው አርፈዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባና ሐዋሳ ይነግዳሉ፣ ለዒድ ይደውላሉ። ቤታቸው ውስጥ አንዲት ሬዲዮ እንጂ ቴሌቪዥን ኖሮ አያውቅም። ከገባን ሦስት ዓመት ሲሆነን ኪራይ አልጨመሩብንም። ይህንን ለሰው የምናገረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ሰምቶ ቤቱን የሚቀማኝ እንዳይኖር።

ውላችን የቃል ነው። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፣ እሱም በሐጂ መስኮት አጠገብ የተሰቀለ፤ የመብራቱ ሂሳብ በኪራዩ ውስጥ ይታሰባል። ለኛ የተፈቀደልን አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ለእሁድ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ካውያ ነው። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ክልክል ነው። ስቶቭ ካየሁ ዕቃችሁን ደጅ ታገኙታላችሁ ብለውናል፣ እየሳቁ። ሐጂ ደግሞ እየሳቁ የተናገሩትን አይረሱም።

ታዲያ ክረምት መጣ። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ አልገልጥም አለ፣ ከሰሉ ረጠበ፣ ዋጋው አልቀመስ አለ፣ አማረችም ከቢሮ ተመልሳ ጭስ ስታራግብ ዓይኗ በርበሬ እየመሰለ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትገባ ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር አቅፋለች። ባለ ሁለት ምጣድ ስቶቭ እንዳትሉኝ፣ እሷው ናት፤ ሁለት ድስት በአንዴ የምትጥድ። ማንም አያያትም፣ አልጋ ሥር ነው የምትውለው አለችኝ። እንዲህ ፊቷ በርቶ ካየሁት ስለቆየሁ ምን ልበል? ቦይናው፣ እናንተ ጎደሬ የምትሉት፣ በግማሽ ሰዓት ብስል ይላል። ለሐጂ ዝም አልን። ዝም ማለት ደግሞ መዋሸት አይደለም ተባባልን፤ ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን የምናገለግል ሰዎች ነን፣ ነገሩን መመርመር እናውቅበታለን።

ወሩ ሲያልቅ ሐጂ ቢሉን ይዘው ጠሩኝ። ዓይናቸው ደቃቅ ጽሑፍ ስለማይለይላቸው ሁልጊዜም አንብቤ በስልኬ የምከፍልላቸው እኔ ነኝ።

"አስተማሪ" አሉኝ፣ "ይሄ መብራት ምን ነክቶት ነው እንዲህ የዘለለው?"

 እውነቱን ብናገር ቤቱም ይሄዳል፣ ስማችንም ይሄዳል። ቀና ስል ሬዲዮዋ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። እሷን ሳይ አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

"የቴሌቪዥን ክፍያ ተጨምሮ ነው፣ ሐጂ። ቤት ሁሉ ይክፈል ተብሎ የለ?"

ጠረጴዛ የመታሁት ሰው እኔው ነኝ። ላልጠየቀው ነገር ማንም በግድ አይክፈል ያልኩት ሰውዬ አንድ ሽማግሌ ላልጠየቁት ስቶቭ አስከፈልኳቸው። ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ከተከፈለማ ተከፈለ" ብለው ገቡ። ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤቴ ስሄድ ማፏጨት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት፣ ለሁለት ሰዓት ዜና አምስት ደቂቃ ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። ዒሻ ሰግደው፣ ነጭ ቆባቸውን እንደደፉ፣ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ጫማቸውን አወለቁ። ወንበር ሳቡ።

"ስነግድ ኖሬያለሁ" አሉ፣ "የከፈለበትን ዕቃ ሳይረከብ የሚሄድ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እሺ፣ የታለ?"

ከዚያ ወዲያ አንድም ምሽት አልቀሩም። አማረች ከምትከታተለው የቱርክ ድራማ ጋር በዚያው ተለያየች፤ ድራማው የሚተላለፈው በዚያው ሰዓት በሌላ ጣቢያ ነው፣ ሐጂ ደግሞ የከፈልኩት ለዚህኛው ነው ብለው ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። ባለታሪኳ ባሏን ይቅር ትበለው አትበለው አማረች የምትሰማው በማግስቱ ከቢሮ ጓደኞቿ ሆነ። እኔም ኳሱ ስንት ለስንት እንደሆነ ከአጥር ማዶ በሚመጣው ጩኸት እየገመትኩ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ።

ደግሞም ለካ የመንግሥት ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚታይ አናውቅም ነበር። ሐጂ የሚያዩት ሸቀጥ እንደሚረከብ ሰው ነው። ሪባን ሲቆረጥ ጠጋ ብለው ያዩና "ይሄ ባለፈው ሳምንትም ተመርቋል፣ ያደረ ዕቃ ነው" ይላሉ። ስብሰባ ሲታይ ያንቀላፋውን ተሰብሳቢ ወዲያው ይለዩታል። ኋላ ኋላ ሦስታችንም ማን ቀድሞ ያገኛል እያልን መፎካከር ጀመርን፤ ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው አማረች ናት፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ ዓይኑን ገልጦ የተኛውን ሰው ሁሉ መለየት ለምዳለች። ስብሰባ ሲጠፋ ቅር እስኪለን ደረስን ብል ታምኑኛላችሁ? የአየር ትንበያው ሲመጣ ግን ሐጂ ይቆጣሉ። ሐዋሳ ተጠራ፣ አርባ ምንጭ ተጠራ፣ መሐል ላይ ያለነው እኛስ፣ ለኛ አይዘንብም ወይ ይላሉ። ካርታው ጠቦ ይሆናል ብላቸው፣ ክፍያው አልጠበበም አሉኝ። ደብዳቤ ጻፍልኝ ብለው አንድ ሙሉ ገጽ አጽፈውኝ ሁሉ ነበር፤ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

እራትም አብረውን ይበላሉ። ሥጋችንን አይነኩም፣ ቦይና በሚያቃጥለው ዳጣችን ከሆነ ግን እጃቸው አይመለስም። አንድ ቀን ጎርሰው ሲያበቁ፣ በከሰል እንዲህ ቶሎ ይበስላል እንዴ ብለው ጠየቁ። አማረች ከሰሉ ጥሩ ነው አለች። ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ሌላ ቆረሱ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። አማረች አርፍዳ ገብታ ስቶቩን ከማጥፋቷ በሩ ተንኳኳ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ከመቀመጫው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ስቶቩ ከነትኩሳቱ በሚደበቅበት ካርቶን ተከቶ አልጋ ሥር ገባ። ዜናው ሳይጋመስ የሚቃጠል ካርቶን ሽታ ቤቱን ሞላው። አማረች ዐመድ መሰለች። ሐጂ አፍንጫቸውን አነሡ፣ አሸተቱ፣ ወደ መጋረጃው ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለከቱ። ብዙ አሠራነው፣ ግሏል፣ አጥፉትና ይረፍ አሉ። አጠፋነው። አማረች ልብስ ላጣጥፍ ብላ መጋረጃው ጀርባ ገባችና ካርቶኑን በእግሯ ትረግጥ ጀመር። ጧ ጧ ይላል። ሐጂም ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ጀመር።

ያወሩት ድሮ ጨው ጭነው ወደ ሃላሌ ሲሄዱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ስለመተከሉ ነው። ሦስት ቀን ዘነበ። ጨው ይዘው ሄደው ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ተመለሱ። ሚስታቸው ዘሃራ ማዳበሪያውን ገልብጣ አይታ ሳምንት ሙሉ ስትስቅ ከረመች። እኛም ሳቅን፤ አማረች ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትስቃለች፣ እየረገጠች። ሐጂ ዓይናቸውን ወደጠፋው ቴሌቪዥን መለሱ።

"ቴሌቪዥን ግዛ ትለኝ ነበር። ምን ያደርግልናል? እላታለሁ። ማታ ማታ የምናወራው ሲያልቅብን ትለኛለች" አሉ። "አላለቀም ነበር።"

ያን ምሽት ነው ሐጂን እንደምወዳቸው ያወቅሁት። ውሸቴም የከበደኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እስከዚያ የፈራሁት ቤቱን ማጣት ነበር፤ አሁን ግን እውነቱን ከሰሙ አይመጡም ብዬ ፈራሁ። አማረችን ባማክራት፣ ብትነግራቸው እንባረራለን፣ ባትነግራቸው ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ብቻ ያቺ ወንበር ባዶዋን እንዳትቀር አለች። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ሌላ ሁለት ቢል መጣ፣ ሌላ ሁለት ሐሰት አነበብኩ።

የተያዝነው በራሱ በቴሌቪዥኑ ነው። አንድ ምሽት ዜና አንባቢዋ ፈገግ ብላ፣ የቴሌቪዥን አገልግሎት ክፍያ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከመብራት ሂሳብ ጋር መሰብሰብ ይጀመራል አለች። ከሚቀጥለው ወር! ጥርት ባለ አማርኛ፣ ያለ ርኅራኄ፣ ሐጂ ሦስት ወር በከፈሉበት ጣቢያ።

ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉ ጣቶቻቸው ቆሙ። አማረች መጋረጃውን አየች፣ እኔ ጣሪያውን። ሁሉንም ልናዘዝ "ሐጂ…" ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ፣ ዜናው ይለቅ።"

እንግዲህ አስቡት። ገና ስፖርት አለ። የውጭ ምንዛሪ አለ፣ ያውም አንድ በአንድ።  የአየር ትንበያው መጣ፣ ሐዋሳ ተጠራ፣ አርባ ምንጭ ተጠራ፣ ሐጂ ግን አልተቆጡም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሲያልቅ ራሳቸው በሪሞቱ አጠፉት።

"ከሚቀጥለው ወር ነው አለች?"

"አዎ፣ ሐጂ።"

"እስካሁን ቴሌቪዥኑን ያየሁት በነጻ ነዋ። የከፈልኩት ለስቶቩ ነው።" ኦቾሎኒውን ወደ አፋቸው ወረወሩ። "አሁን ከአልጋው ሥር አውጡት፣ ቤቴን ታቃጥሉብኛላችሁ።"

አማረች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ገለጥ ሳደርገው በሳቅ ሞታለች። እኔ ይቅርታ እየለመንኩ የምለው ጠፍቶኝ ስንተባተብ፣ ሐጂ ቆጣሪው በመስኮታቸው አጠገብ መሆኑን አስታወሱኝ፤ አማረች ከቢሮ በገባች ቁጥር ሽቅብ ሲጋልብ ያዩታል፣ የቴሌቪዥን ክፍያ ደግሞ ቢል ላይ ይጻፋል እንጂ ቆጣሪ አያስጋልብም።

"የምታስተምረው ሂሳብ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ልጆቹ አሳዘኑኝ።"

ታዲያ ለምን እስከዛሬ ዝም አሉን ብላ አማረች ጠየቀቻቸው። ሐጂ የቀረውን ኦቾሎኒ ወደሷ ገፋ አደረጉላትና ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። እንግዲህ አይመጡም ብዬ በማግስቱ ምሽት ሰዓቴን ስመለከት ቆየሁ። ለሁለት ሰዓት ዜና አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። የራሳቸውን ባለ ትራስ ወንበር ተሸክመዋል። የናንተ ወገብ ይቆርጣል ብለው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተከሏት፤ ይኸው እስከዛሬ እዚያው ናት። ስቶቩም ተፈቀደ፣ ለሱ በየወሩ ትንሽ እንጨምራለን፣ ድራማው ደግሞ በድምፅ ብልጫ ረቡዕና ዓርብ ተመለሰ። ድምፅ የሰጡት ሐጂ ናቸው፤ ባሏን ይቅር ማለት የለባትም ባይ ናቸው።

አሁንም በሻይ ሰዓት ክርክሩ አልበረደም። ፊዚክስ ስልኩን አቅፎ፣ ሥነ ዜጋ አስፋልቷን ይዛ። እኔን ሲጠይቁኝ ሻዬን እጠጣለሁ። ቤት ሁሉ በግድ ይክፈል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ገለልተኛ ምስክር አይደለሁም፤ ያልተጀመረ ክፍያ ያመጣልኝን ሰው የተጀመረው አያመጣም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ባለፈው ሳምንት ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ቢል መጣ። ከታች በኩል፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ በሕግ የተቀመጠ። ደረቴን ነፍቼ ነው ያነበብኩት፤ መቼም ሐጂ ፊት እውነት ይዤ ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነው።

"ይሄ የተጨመረው ደግሞ ምንድነው?" አሉ ከወንበራቸው።

"የቴሌቪዥን ክፍያ ነው፣ ሐጂ።"

ቢሉን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ተነሡ፣ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው አልጋችን ሥር ተመለከቱ።

"ደግሞ ምን ገዛችሁ?"