ቤተ መጻሕፍት ሲያይ የማያልፈው ሰውዬ

የዚያን ቀን ጠዋት ያካፋ ነበር። ዝናብ ነው እንዳይባል ልብስ አያረጥብም፤ አይደለም እንዳይባል ፀጉር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መኪና የምንቀይርባት ትንሽ ከተማ ስንደርስ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁና "ይሄ አያስቆመንም፤ በሰላም እንደርሳለን" አልኩ። ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ባለቤቴ አላሰብኩም ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። አንዱ ድልድይ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ሌላው የድሮ መኪና ካየ ሞተሩን ሳላይ አልሄድም ይላል። የኔው ደግሞ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያውም የትንሽ ከተማ፤ በሩ ረጅም፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ከሠራተኛው በቀር ማንም የማይገባበት። ሕመሙ የእነሱ ነው፤ የሚሰቃየው ግን አብሯቸው የሚጓዘው ነው።

ክቡር ጎብኚያችን በሙያቸው ፀጉር አስተካካይ ናቸው። አንቱ የምለው ስናደድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አትደነቁ። እቤት ሲያወራ ድምፁ የጎረቤትን ሬዲዮ ያስንቃል። ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ከዚያ አራስ ቤት እንደገባ ሰው ማንሾካሾክ ይጀምራል።

"ከተማን የምታውቂው በቤተ መጻሕፍቱ ነው" ይለኛል ሁልጊዜ። "ሰውንም በማጅራቱ ነው። ማጅራቱ ካልተስተካከለ ከፊት ቢያምር ምን ይረባል?"

ታዲያ ያነባል እንዳትሉ። ከመደርደሪያው አንዱን መጽሐፍ ይስባል፣ ያሸታል፣ የመጀመሪያውን ገጽ በጥሞና ያነባል፣ ይመልሳል። በየከተማው እንዲሁ ነው። በዚህ ዕድሜው መጨረሻውን ያየው መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። አጀማመር ብትጠይቁት ግን የሚያክለው የለም።

ሐኪም ጋ ሊወስደኝ የወጣን ቀን ጉንጬ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት አየና ክንዴን ያዘ። "ገብቼ ልውጣ" አለ። "ጥርሴ እኮ ነው!" ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥርስ አያምም።" አመመኝ። እንዲያውም ባሰብኝ፤ መጮህ ክልክል ነዋ!

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእህቱ ሠርግ ስንሄድ፣ ድሮ ቤተ መጻሕፍት የነበረ አሁን ግን የእህል መጋዘን የሆነ ቤት አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ክቡርነታቸው ግን መጋዘን ጠባቂውን አስፈቅደው፣ በአዲሱ ሙሉ ልብሳቸው ጆንያ ላይ ወጥተው፣ "የንባብ ጠረጴዛው እዚህ ጋ ነበር!" እያሉ አስጎበኙን። ጠባቂው ከቤተ ዘመድ አንዱ ያበደ መስሎት ቀስ ብሎ "ሰውዬው ደህና ናቸው?" አለኝ። "እንዲህ ናቸው" አልኩት። ሙሽራዋ ስታቅፈው ቬሏ ላይ ዱቄት ቀረ።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። የዚያን ቀኑ ግን የተለየ ነበር። ትልቋ ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። "እማዬ፣ ሳልወልድ ድረሺልኝ፤ ብቻዬን እፈራለሁ" ብላኝ ነበር፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻታለሁ። በማለዳ ባሏ ደውሎ "ምጥ ጀምሯታል" ሲል ያዘጋጀሁትን የሕፃን ልብስ በዘንቢል አንጠልጥዬ ወጣሁ።

መኪና በምንቀይርባት በዚያች ከተማ ሚኒባሱ ቆሟል፤ የገባነው ግን ጥቂት ነን።

"እናቴ፣ ሲሞላ ነው የምንነሳው" አለኝ ረዳቱ።

ዞር ስል ሰውዬው አጠገቤ የለም። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ የድንጋይ ቤት ፊት ቆሞ ባርኔጣውን እያወለቀ ነው። ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ።

"ገብቼ ልውጣ" አለኝ ስደርስበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እያማጠች ነው!"

"የበኩር ምጥ ይቆያል።"

"ስንቴ አምጠህ ነው የምታውቀው?"

ይህን ስል ገብቷል። ተከትዬው ካልገባሁና እጁን ይዤ ካላወጣሁት እንደማይወጣ ከልምድ አውቃለሁ። ገባሁ።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ያምር ነበር። የወለሉ ጣውላ ከመታሸት ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። ረጅሙ ጠረጴዛ ጠርዙ ላይ በክርን ተበልቶ፣ የስንቱ ሰው ቦታ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ፤ ባለጎማ መሰላል ተደግፎባቸዋል። ደጅ ያለው የመናኸሪያ ጩኸት ከበሩ ወዲህ አይሰማም።

"አየሽ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ሳትገዢ የምትቀመጪበት ቤት ሌላ የት አለ? ምን ልታዘዝ የሚልሽ የለም። ተነሺ የሚልሽ የለም።"

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ወንበሩ ግን ጥሩ ወንበር ነበር። እሱን አልክድም። ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አድርጌ እሱ ገጹን እስኪጨርስ ትንሽ አረፍ አልኩ።

ጨርሶ ወደ በሩ ስንሄድ በሩ ተቆልፏል።

ኋላ እንደሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ "ልዘጋ ነው" ብሎ አይጣራም፤ ጮክ ብሎ መናገር በደንቡ ክልክል ነው። የሚያደርገው መብራቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ነው፤ አንባቢ ያንን አይቶ ይወጣል። የዚያን ቀን ግን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሠራተኛው ቆጣሪው አጠገብ ሄዶ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ ግዴታውን እንደተወጣ ሰው ቆልፎ ሄደ!

"ስልክህን አውጣ!" አልኩት፤ እኔ ስልክ የለኝም።

"እዚህ ውስጥ አይከፈትም" አለኝ፣ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ እያሳየ። "ስንወጣ እከፍተዋለሁ።"

"እኮ እንዴት ነው የምንወጣው?"

ማስታወቂያውን ደግሞ ማንበብ ጀመረ። ደሜ ፈላ። መስኮቱን በርግጄ "ኧረ የሰው ያለህ!" አልኩ። ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተኝ።

"ቀስ በይ እንጂ! ቤተ መጻሕፍት እኮ ነው።"

"ከእኔና ካንተ ሌላ ማን አለ?"

"ቢሆንም። ቀስ ብለሽ ጩኺ።"

ቀስ ብለሽ ጩኺ! ልብ በሉ፤ ከዚህ ሰው ጋር ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን የመጨረሻ ጉልበቴን አውጥቼ ጮህኩ። ቲማቲም የተሸከመች ሴት ቆም አለች።

"ምን ሆነሽ ነው እናቴ?"

"ተቆልፎብን ነው!"

"ሌቦች ናችሁ እንዴ?"

"ሌባስ ቢሆን መውጫውን ያውቅ ነበር። እባክሽ ባለ ቁልፉን ጥሪልኝ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት!"

ይህን ስትሰማ ሸክሟን ጥላ ሮጠች። ሠራተኛው ጉርሻውን ሳይውጥ መጣ፣ ከፈተልን፣ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን አጨፍግጎ፣ "እማማ፣ እዚህ አይጮህም" አለኝ።

"ቆልፈህብን ሄደህ?"

"መብራቱን ሦስቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ።"

"መብራት የለም እኮ!"

"እሱ የመብራት ሰዎች ጉዳይ ነው። እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ።"

"ልክ ነው፤ ደንብ ደንብ ነው" አለ ባለቤቴ። አላመንኩም። አጨባበጣቸውን ብታዩ አብሮ አደጎች ይመስላሉ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሄዷል። ሌላ የሚነሳው ነገ ነው። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ነው ሰውዬው ወሬው ሁሉ የጠፋበት፤ ስልኩን መክፈት እንኳ ረሳ። ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ እያንዳንዱን መኪና መለመን ጀመረ፤ ለአንዱ ሾፌር ዕድሜ ልኩን በነፃ ሊያስተካክለው ቃል ሲገባለት ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ሲሚንቶ የጫነ አንዱ እሺ አለ። ፊት ያለው ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነው። እኔን ደግፎ አስገባኝ፤ እሱ ከኋላ ሸራው ሥር ጆንያዎቹ ላይ ወጣ። ካፊያው አላቆመም ነበር።

ስንደርስ ልጄ ወልዳለች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። እሷ ግን ገና ስታየኝ ማልቀስ ጀመረች።

"እማዬ፣ ሳትወልጂ እደርሳለሁ አላልሽኝም? ስጠራሽ ነበር እኮ። የአባዬም ስልክ ዝግ ነው።"

መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። አንድ በአንድ፣ ከጥርሴ ቀን ጀምሬ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል። ሲሚንቶው ከዝናቡ ጋር ቅንድቡ ላይ ደርቋል፤ እንዳያቆሽሽ ፈርቶ ወደ ውስጥ አልገባም። የልጅ ልጁን ለማየት አንገቱን ብቻ አስግጓል።

"መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው" አልኩ።

እሱ መዋሸት አይችልም፤ "አይ፣ መኪናው እንኳ አልተበላ..." ብሎ አፉን ሲከፍት ሄጄ እግሩን ረገጥኩት። ልጄ አባቷን ልብ ብላ ያየችው ያኔ ነው። "አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ሐውልት መሰልክ እኮ!" ብላ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ልጄ እኔን ብትቀየመኝ ችግር የለውም፤ ነገ ይረሳታል። እሱን እንድትቀየመው ግን አንጀቴ እምቢ አለ። በዚህ ሰው ላይ መናደድ የኔ ሥራ ነው። ስንት ዘመን ለፍቼበታለሁ፤ ለማንም አላስረክብም።

አሁን ልጃችን ቤት ነን። እሱ ጓሮ ነው፤ የሕፃኗን ልብስ እያሰጣ ነው።