የአያ መንግሥቴ ኪሎ

እኛ ቡሬዎች ክብደታችንን ስንጠየቅ «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሳችን። በኪሎ የሚጠየቀው ጤፍ ነው። ሰውማ ከሳ ወይም አማረበት ይባላል፣ በዚያው ይታለፋል። እናንተም ብትሆኑ ሐኪም ካላዘዛችሁ በቀር ሚዛን ላይ የምትወጡ አይመስለኝም።

የነገሩ መነሻ ማሽን ነው። ለሁሉም ነገር ኮሚቴ በሚቋቋምበት በዚያ በግምገማው ዘመን፣ እኔ በአንድ ማሠልጠኛ የኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። በእርዳታ አንድ ማሽን መጣልን፤ ሰው ከኋላው ባለው መቆሚያ ላይ ወጥቶ ይነዳዋል፣ እሱ ደግሞ የኳስ ሜዳውን በብረት ጥርሱ እየበሳ ለሣሩ ሥር አየር ያስገባል። ጥርሱ በልኩ እንዲገባ ታዲያ ከመቆሚያው ሥር ያለው ብሎን በነጂው ክብደት መጠን መስተካከል አለበት። ነጂ ሆነው የተመደቡት አያ መንግሥቴ ናቸው፤ ለዓመታት በቀን ሥራ የሜዳውን ሣር ሲያጭዱ የኖሩ ሰው። ለዳግማይ ትንሣኤ ውድድር ሜዳውን ካደረሱ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ካልሆነላቸው ሥራው ለሌላ ይሰጣል ተባለ።

መመዘን ግድ ሆነ። በቅበላ ሰሞን፣ ሥጋው በየቤቱ በሚሟጠጥበት ሳምንት፣ እህል መጋዘን ወስደን ሚዛኑ ላይ አወጣናቸው፤ ከነጋቢያቸው፣ ከነቦት ጫማቸው፣ ከነዱላቸው። በአባታችን ዕድሜ ያሉትን ሰው ጋቢዎን ያውልቁ የሚል ባለጌ ከመካከላችን አልተገኘም። ሰማንያ ሁለት ኪሎ። በቃለ ጉባኤ ጻፍኩት፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። መካኒኩም ብሎኑን በዚያው ልክ አሰረው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አያ መንግሥቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ፣ በጾም የማይቀልዱ ሰው ናቸው። በጾሙ እኩሌታ ማሽኑ መሬቱን መብሳቱን ትቶ እንደ ዶሮ ይጭር ጀመር።

«ቀለልኩበት መሰለኝ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ብሎኑን ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነበር። ግን በማኅተም የጸደቀ ኪሎ እንዴት በብሎን መፍቻ ይሻራል? ግምገማ ተጠራ። ጥፋቱን በማሽኑ እንዳናሳብብ ማሽኑ አዲስ ነው፤ በቃለ ጉባኤው እንዳናሳብብ ፊርማችን አለበት። ስለዚህ አያ መንግሥቴ ከጸደቀላቸው ኪሎ በመጉደላቸው ግለ ሂስ እንዲያወርዱ ተጠየቁ።

ተነሡና «ጎድያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ግን እስከ ፋሲካ የማርመው አይመስለኝም።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን አፈርኩ። በዚያ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል?

ኮሚቴው ሲመክር ሲዘክር ከርሞ እንደገና እንዲመዘኑ የፈቀደው በሰሙነ ሕማማት ነው። መካኒኩም «ሙቀቱ!» ብሎ በዘዴ ጋቢያቸውን ተቀበላቸው። ስድሳ ስምንት። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ብሎኑ ተስተካከለ።

በፋሲካ ማግስት አያ መንግሥቴ ዶሮውንም ጠላውንም አጣጥመው፣ ልጃቸው የገዛችላቸውን አዲስ ጋቢ ደርበው ማሽኑ ላይ ወጡ። ጥርሱ መሬት ውስጥ ጥልቅ ብሎ ቀረ። ውድድሩ በስድስተኛው ቀን ነው።

ሽማግሌው ወደ ኮሚቴው ቢሮ አላዩም። መፍቻውን ከመካኒኩ ተቀብለው ብሎኑን ራሳቸው አስተካከሉት፣ ከዚያም ጎኑ ላይ ሁለት መስመር ቀለም ቀቡ፤ ነጩ ለጾም፣ ቀዩ ለፍስክ። አየኋቸው። በቃለ ጉባኤ ግን አላሰፈርኩትም።

ሜዳው ደረሰ፣ ውድድሩም ተካሄደ። የቅጥር ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት እያልን ክብደት ከሚለው መስመር ደረስን። አያ መንግሥቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«የጾሙን ነው የፍስኩን?» አሉኝ።

እኔም «ይመስገን፣ ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩበት። ማንም ሳያነበው ማኅተም ተመታበት።